ሽርሽር በካይዘን

እኛ ሐበሾች ለቀብር እድር፣ ለገንዘብ እቁብ፣ ለጻድቃን ማኅበር አለን። ሠርግ ሲሆን ድንኳኑን ማን እንደሚተክል፣ ልቅሶ ሲሆን ንፍሮውን ማን እንደሚቀቅል ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። ዳኛና ገንዘብ ያዥ ያልተሰየመለት አንድ ጉዳይ ብቻ ቀርቶናል፤ እሱም መዝናናት ነው። ስለዚህ እዚህ ዶሃ፣ አቡ ሃሙር ሠፈር፣ አንድ አባወራ «ዓርብ ልጆቹን ለሁለት ለሦስት ሰዓት መጫወቻ ቦታ ወስጄ ልመለስ» የሚል ቃል ከአፉ ያመለጠው ዕለት፣ ደንብም ሰብሳቢም የሌለው ጠቅላላ ጉባኤ ተከፈተ ማለት ነው።

በእኛ ቤት ጉባኤውን የጠራችው ጃፓን ናት። አንድ የአዲስ አበባ ወዳጄ ለካይዘን ሥልጠና ወደ ቶኪዮ ሲያልፍ፣ ዶሃ ላይ አውሮፕላን እስኪቀይር ያለው ጊዜ ስለረዘመበት እኛ ዘንድ አደረ። ስለ ካይዘን ለአገራችን ሰው ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ወዲህ አምስቱ «ማ»ዎች ያልተለጠፉበት የፋብሪካ ግድግዳ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ብዙው ሰው አንብቦት ያልፋል። ወዳጄ ግን አምኖበታል። ሁለተኛው ቡና ላይ ስልኩን አውጥቶ የጃፓኑን የዕረፍት ቀን ዕቅዱን አሳየን።

ከሥልጠናው መሃል አንዲት ነፃ ቀን አለችው፤ ግማሿን ለቶኪዮ ዲዝኒላንድ ቆርሶላታል። መናፈሻው ስሙ ቶኪዮ ይሁን እንጂ ያለው ጎረቤት ግዛት ቺባ ውስጥ ነው፤ ከቶኪዮ ጣቢያ በኬዮ መስመር ባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ሄዶ ማይሃማ ላይ መውረድ ነው። የተከፈተው በ1983 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከአሜሪካ ውጭ የተሠራ የመጀመሪያው ዲዝኒላንድ እሱ ነው። በ2001 ደግሞ ዲዝኒሲ የሚባል ወንድም ተወልዶለታል። ትኬቱ ቀን ተቆርጦለት አስቀድሞ ይገዛል፤ የአንድ ቀኑ ትኬት ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚያስገባው። ጊዜ ላጠረው ሰው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ወይም ማምሻውን የሚያስገባ፣ ዋጋው ቀነስ ያለ ትኬት አዘጋጅተውለታል። የቸኮለ ሰው እዚያ አገር አይሰደብም፤ የራሱ ዋጋ ወጥቶለታል።

«ዋናው ማጣራት ነው» አለን ወዳጄ፣ በጣቱ ስልኩን ወደ ላይ እየገፋ። «የምትጫወተውን እመርጣለሁ ብለህ አትድከም። የማትጫወተውን ሰርዝ። የቀረችው እሷ ዕቅድህ ናት።»

ጃፓንን በአጭር ጊዜ ጎብኝቶ ስሙን ያስጠራ ሐበሻ እርግጥ ከእሱም በፊት ነበር። አበበ ቢቂላ በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ የከተማዋን 42 ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ አዳርሶ፣ ሌላው ሯጭ ገና መንገድ ላይ ሳለ እሱ ስታዲየሙ ሣር ላይ ጂምናስቲክ ይሠራ ነበር። ግን አበበ ልጅ አላዘለም፤ አማቱን አላስከተለም፤ ምሳ ዕቃም አልያዘም።

ወዳጄ በማግሥቱ በረረ፤ ካይዘኑ እኛ ቤት ቀረ። ባለቤቴ የቡናውን ስኒ እያጠበች «እኛስ ከማን እናንሳለን?» አለች። በቃ።

መጀመሪያ የት የሚለው ተነሣ። ዶሃ የመጫወቻ ቦታ ችግር የለባትም። ምሽሬብ በኩል ዶሃ ክዌስት አለ፤ ቤት ውስጥ ከተሠሩ ሮለር ኮስተሮች ሁሉ በከፍታው ረጅሙ ተብሎ በጊነስ የተመዘገበው እዚያ ነው። በሰሜን፣ ዶሃ ፌስቲቫል ሲቲ የገበያ ማዕከል ውስጥ፣ በፊንላንዶቹ የስልክ ጨዋታ ስም የተሰየመው አንግሪ በርድስ ወርልድ አለ፤ እዚያው ደጅ ያለው ሙቀት ሰውን እያቀለጠ፣ ውስጡ በረዶ የሚወራወሩበት አዳራሽም አለ። ሉሳይል፣ አል ማሃ ደሴት ላይ፣ ለዓለም ዋንጫው ሰሞን በ2022 የተከፈተው ዊንተር ወንደርላንድ አለ፤ ሙቀቱ ሲመጣ እሱ ይሰበሰባል። ለእኛ ሠፈር የሚቀርበው ግን ቪላጆ ሞል ነው፤ መሃሉ ላይ የቬኒስ ዓይነት ቦይ ተቆፍሮለት ጀልባ ይንሳፈፍበታል፤ ጣሪያው ሰማይ ተሥሎበት ቀንም ሌሊትም ብራ ነው። ጎንዶላኒያ የሚባለው የልጆች አገር ያለው እዚያ ነው።

አማቴ ከጎንደር ለጥየቃ መጥተው ከእኛ ጋር ናቸው። ልጆቹ የሮለር ኮስተሩን ቪዲዮ ሲያሳዩዋቸው መነጽራቸውን አስተካክለው አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይኼ ባቡር የት ነው የሚያደርሰው?»

«የትም አያደርስም እማዬ። ዞሮ ዞሮ እዚያው የተነሣበት ይመልሳል።»

«ከፍላችሁ?»

«ከፍለን።»

«እየጮኻችሁ?»

«እየጮኽን።»

ትንሽ አሰቡና «እኛ ዥዋዥዌውን ዋርካ ላይ በጠፍር አስረን ነበር የምንጫወተው። ዋርካው የመጫወቻ ካርድ በገንዘብ ሙሉ አይልም» አሉ።

የገንዘቡ ነገር ከተነሣ፣ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብርን ለገበያ ከለቀቀው ወዲህ የባሕረ ሰላጤው ሐበሻ አንድ አዲስ አመል አውጥቷል፤ ሪያሉን ወደ ብር ሳይመነዝር ውኃ ገዝቶ አይጠጣም። ሪያል ለአንድ ዶላር 3.64 ላይ ተቸንክሮ ቆሟል፤ ቁልቁለቱን ብቻውን የሚወርደው ብራችን ነው። አማቴ ደግሞ ብርንም ስለማያምኑት በቀጥታ ወደ ጤፍ ነው የሚመነዝሩት። በእሳቸው ስሌት አንድ ዙር ሮለር ኮስተር ይኼን ያህል ቁና፣ የኳስ ገንዳው ይኼን ያህል ጣሳ ነው። ልጄ አሁን ጨዋታ ስትመርጥ «ስንት ጤፍ ነው?» ትላለች።

ቀጥሎ መቼ የሚለው መጣ። ጃፓኖቹ ይኼን ቢያዩ ካይዘናቸውን ጠቅልለው አገራቸው ይገቡ ነበር። አቡ ሃሙር ያለ ሐበሻ በአንድ የቀን መቁጠሪያ አይኖርም። የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ፣ ብዙው ምእመን ቤተ ክርስቲያን የሚስመው ዓርብ ነው። ሠፈራችን ጥግ ላይ አብያተ ክርስቲያናቱ በአንድነት የሚገኙበት ግቢ አለ፤ በ2008 የተከፈተው የካቶሊኮቹ የመቁጠሪያዋ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያንም እዚያው ነው። ከውጭ ሲያዩት መስቀልም ደወልም የለበትም። ዓርብ ጠዋት ግን ፊሊፒኖው፣ ሕንዱ፣ ሊባኖሱ፣ ነጠላዋን ያጣፋችው ሐበሻ ሲጎርፉ የመኪናው ጡሩምባ የደወሉን ሥራ ይሠራል።

ታዲያ ያው ዓርብ ጾም ነው፤ አማቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ያው ዓርብ የጁምዓ ቀን ነው፤ ብዙው ሱቅና መጫወቻ በሩን የሚከፍተው ከሶላት በኋላ ነው። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ቀኑ ሌሊት፣ ሌሊቱ ቀን ይሆናል። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ትመጣለች። መንግሥት ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ደጅ የቀን ሥራ እንዳይሠራ የከለከለባት ፀሐይ ናት። በዚያ ወራት ከበር እስከ መኪና ያለው መንገድ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው።

ባለቤቴ ባሕረ ሐሳብ እንደተማረ ሰው ጣቷን እየቆጠረች አንዲት ቀዳዳ አገኘች፤ በዓለ ሃምሳ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ዓርብ ሆኖ ጾም ያልሆነ፣ ረመዳንም ያለፈበት፣ ፀሐይዋም ገና ያልከፋችበት ሰሞን ነው። ከቶኪዮ ወዳጃችን ሰምቶ «ይኼ ነው ማጣራት!» ብሎ በድምፅ መልእክት አጨበጨበልን።

ሰዓቱን ለመቁረጥ ግን ኢሞ ላይ ያለው የቤተዘመድ ግሩፕ ገባበት። «በሰባት እንገናኝ» ብዬ ስጽፍ ሁሉም በአንድ ቃል «በፈረንጅ ነው በሐበሻ?» አሉኝ። ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ በዚህች ከተማ ለምሳ የተጠራ ሰው እራት ሰዓት ላይ ወይን ይዞ ደጅ ሲቆም አይተናል።

የሚሄደው ማን ነው የሚለው ላይ ስንደርስ ካይዘን ተሰናከለ። እኛ አለን፤ አማቴ አሉ። የፎቁ ጎረቤት አለ፤ ልጆቹ ከልጆቻችን ጋር አንድ ላይ ነው የሚያድጉት። የልጃችን የክርስትና እናት አለች፤ ሳትሰማ ብንሄድ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ስታይ ክርስትናውን ታፈርሰዋለች። ጨዋታ መሰረዝ ቀላል ነው። ሰው መሰረዝ ግን ሽማግሌ ያስልካል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የባለቤቴ የአክስት ልጅ አለች። እዚሁ ዶሃ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። የካታር የ2017ቱ ሕግ ቁጥር 15 የቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ከነደመወዟ እንድታርፍ ያዛል። የእሷ 24 ሰዓት ግን ዓርብ ቁርስ ከተነሣ በኋላ ጀምሮ መግሪብ ሳይደርስ ያልቃል፤ ከዚያ «ማዳም ትፈልገኛለች» ነው። ከዚያችው ላይ ቅዳሴውን፣ ሐዋላ ቤቱን፣ የእናቷን ስልክ ቀንሱ። ጥሪያችንን ሰምታ የላከችው ድምፅ አጭር ነበር፤ «እኔን አትጠብቁኝ፣ ልጆቹን ውሰዷቸው። እኔ ቅዳሴ ደርሼ ልመለስ።» አማቴ ይኼን ሲሰሙ «እሷ ካልሄደች እኔም እግሬን አላነሣ» አሉ። ጉባኤው ያለ ውሳኔ ተበተነ።

ማታውን ሌላ የድምፅ መልእክት መጣ። ይኼኛው ረጅም ነው።

«ስሙኝማ፣ ከሄዳችሁ ሶላቱ እንዳለቀ ሂዱ። ከአሥር ሰዓት በኋላ አገሩ ሁሉ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ይመጣል፤ ወረፋው አያስቀርብም። መጀመሪያ ባቡሩን፤ ሌላው ይደርሳል። ትንሿ ከመሰለፏ በፊት ሽንት ቤት ትግባ፤ ከወረፋ መሃል ከወጣችሁ አለቀላችሁ። ካርዱ ላይ ብዙ አትሙሉ፤ ‹ገና አለን› ይሉና አይወጡላችሁም። ሹራብ ያዙ፤ ኤሲው ያንዘፈዝፋል። ካልሲ ያዙ። ምግብ ይዛችሁ ለመግባት አትሟገቱ፤ መኪናው ውስጥ ይቆይና ስትወጡ ቪላጆ አጠገብ ያለው አስፓየር ፓርክ ሣሩ ላይ ብሉ። አክስቴን ኤሲው የማይደርስበት ወንበር ላይ አስቀምጧቸው።»

እኔና ባለቤቴ ተያየን። ወዳጃችን ከቶኪዮ የላከው ዕቅድ ከዚህ አጠገብ ሲቀመጥ የተማሪ የቤት ሥራ ይመስላል። ደወልኩላት።

«አንቺ፣ ይኼን ሁሉ ከየት አወቅሽው?»

«የማዳም ልጆች ናቸዋ! ጫማና ቦርሳቸውን የሚይዝላቸው ማን መሰለህ?»

«ሁሉንም ቦታ ታውቂዋለሽ?»

«ፌስቲቫል ሲቲውንም፣ ደሴቱንም። የትኛው ባቡር የት ጋ ሲደርስ ልጅ እንደሚያስመልሰው ሁሉ አውቃለሁ።»

«ለአንቺ የትኛው ነው ደስ የሚለው?»

ሳቀች። «እኔማ አልወጣሁም። ቦርሳ የያዘ ሰው አይወጣም።»

ስልኩ ድምፅ ማጉያው ላይ ነበር። አማቴ ከሶፋው ጥግ ቀና አሉና «እንግዲያው ቦርሳውን እኔ እይዛለሁ» አሉ። ይኼን የመሰለ የውሳኔ ሐሳብ በእኛ ጉባኤ ቀርቦ አያውቅም፤ በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ከዚያ በኋላ ዕቅዱ ራሱን በራሱ ሠራ። ሁሉም ነገር የሚቆረጠው በእሷ ሰዓት ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን ትወጣለች፤ መግሪብ ሳይሆን ቤቷ ትገባለች። መሃል ላይ የቀረው እሱ ነው። ዶሃ ክዌስት ተሰረዘ፤ ልጆቹ ለረጅሙ ኮስተር ቁመት አይሞሉም። ፌስቲቫል ሲቲ ተሰረዘ፤ ከከተማው ሰሜን ጫፍ ደርሶ መልስ ሰዓቷን ይበላዋል። ደሴቱ ተሰረዘ። ሜትሮም ተሰረዘ፤ ጉዞው 2 ሪያል ብቻ ነው፣ አል አዚዚያ ጣቢያ ላይም ቪላጆ ደጃፍ ያወርዳል፣ ግን አቡ ሃሙር ላይ ጣቢያ የለውም። የቀረው ጎንዶላኒያ ነው። ጎረቤትና የክርስትና እናት ደግሞ አልተሰረዙም፤ ከአምስቱ ሁለተኛው «ማ» ደረሰላቸው፣ ሁሉን በየቦታው ማስቀመጥ። ቦታቸው አስፓየር ፓርክ ሣር ላይ፣ ለ2006ቱ የእስያ ጨዋታዎች የተሠራው የ300 ሜትሩ ቶርች ግንብ ጥላ ሥር ሆነ፤ ድፎውንና ጥብሱን ይዘው ይጠብቁናል።

የተባለው ዓርብ ደረሰ። በሩ ላይ ቁመት መለኪያ የያዘ ትሑት ልጅ ቆሟል። ባለቤቴ ጠዋት የትንሿን ፀጉር ሰብስባ አናቷ ላይ እንደ ጉልላት አስራዋለች፤ ለምን እንደሆነ እኔም ገብቶኛል፣ ልጁም ገብቶታል። በሁለት ጣቱ ጉልላቱን ቀስ አድርጎ ተጫነው። ፀጉሩ ሲወርድ የልጄ አገጭ ወጣ፤ ተረከዟም ከወለሉ ተነሣ። ልጁ ተረከዟን አየ፣ እኔን አየኝ፣ መለኪያውን አየ፤ ከዚያ ትንሹ ኮስተር ላይ ከትልቅ ሰው ጋር ትውጣ ብሎ አሳለፋት። ትልቅ ሰው ተብሎ የተመረጠው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

አማቴ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ የሁላችንንም ቦርሳ፣ የሁላችንንም ጫማ፣ ሹራቡንም ጭምር ጭናቸው ላይ ከምረው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የሌላ ቤት ሠራተኛ፣ የአገራችን ልጅ፣ እንደ እሳቸው የልጆች ቦርሳ ታቅፋ ነበር። ወዲያው ዘመድ ተጠያይቀው ጎንደር ላይ ተገናኙ። ዳቦ ቆሎ ከቀሚሳቸው ኪስ ወጣ፤ ምግብ አይገባም የተባለው ለእሳቸው ቦርሳን እንጂ ኪስን የሚመለከት አልነበረም።

ባቡሩ ሲነሣ ልጄ ዝም አለች፤ የጮኸችው አክስቷ ናት። የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ «ማርያም!» አለች፣ ሁለተኛው ላይ የታቦቶቹን ሁሉ ስም ጠራች፣ ሦስተኛው ላይ እጆቿን ለቀቀች። አማቴ ከታች ሆነው «ኧረ ያዙልኝ!» ብለው ሲነሡ ጫማው ሁሉ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ስትወርድ ጉልበቷ እየተብረከረከ፣ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቆ፣ እንዲህ አለችን፤ «የማዳም ልጆች ‹አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ› እያሉ ለምን እንደሚያለቅሱ ዛሬ ገባኝ።» ካርዱ ላይ የቀረችውን ሳንቲም ሁሉ ለእሷ ሰጠናት። ድጋሚ ወጣች። የጤፉን ሒሳብ የጠየቀ አልነበረም።

መግሪብ ሳይሆን በሯ ላይ አወረድናት። ወዳጄ ከማይሃማ በዚያው ሰሞን ፎቶ ላከልኝ። ዕቅዱን በደቂቃ ሳያዛንፍ ጨርሶታል፤ ከኋላው ቤተ መንግሥቱ ይታያል፣ እጁን ዘርግቶ ራሱን ነው ያነሣው። ካይዘኑ እንከን አልነበረበትም፤ ግን ፎቶ የሚያነሣውን ሰው ጭምር አጣርቶታል።

እንግዲህ ዶሃም ሁኑ ሪያድ፣ ዱባይም ሁኑ ኩዌት፣ አጭር ሽርሽር የምታቅዱ ወገኖቼ፣ ጨዋታውን እንደ ልባችሁ ሰርዙ፣ ቦታውንም ሰርዙ፣ በጀቱንም አሳጥሩ። ከዚያ በፊት ግን በሳምንት አንዲት ቀን ብቻ ላላት ዘመዳችሁ ደውሉ። ሰዓቱን በእሷ ቁረጡ፤ ስትመጣም ቦርሳውን ተቀበሏት።